ለእውነት የቆመ ሐሰተኛ ምስክር

ሐሰት የእውነት ጠላት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። በጠላትነቱ በግልጥ ሲመጣ ሰው ይጠነቀቀዋል፤ በሩን ይዘጋበታል፤ ምስክር ይቈጥርበታል። የሚያስቸግረው የእውነት ጋሻ ጃግሬ መስሎ ሲመጣ ነው። ነገሩ እውነት መሆኑን በልቡ ያመነ ሰው ማስረጃው ባነሰው ጊዜ ጥቂት ቢጨምርበት ማንን ይጎዳል? የጨመረውስ ሰሚውን ወደ ስሕተት ሳይሆን ወደ እውነት የሚመራ ከሆነ፥ ጨማሪው ሐሰተኛ ይባላልን ወይስ ረዳት? ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ ወዳጆቹን የገሠጸበት አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ ለእግዚአብሔር የተሟገቱ መስሏቸው ያልሆነውን ይናገሩ ነበርና። የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስም ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፎ፥ መናፍቃንን ከተሸሸጉበት ለማውጣት ስንኳ ቢሆን መዋሸት እንደማይገባ ተከራክሯል።

በቅርብ ዘመን ይህ ጥያቄ እንደ ገና የተነሣው በሃይማኖት ጉባኤ አይደለም፤ ከድንጋይ መካከል በወጣ የአንድ ትንሽ አውሬ ጅራት ምክንያት ነው። ነገሩ የሆነው በቻይና ነው። ለመረዳት ግን ከሸዋ ሮቢት ገበሬ ደጅ መጀመር ይቻላል።

ከደብረ ሲና በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቈላ ሲወርድ ብርዱ ይቀራል፤ ገብሱም ስፍራውን ለማሽላና ለማሾ ይለቃል። በማሽላው መካከል ልጆች ማማ ላይ ቆመው፥ ወንጭፍ እያጮኹ፥ የግሪሳ ወፍ ይከላከላሉ። በደጅ ደግሞ ዶሮዋ ከጫጩቶቿ ጋር አፈር ትጭራለች። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ ባየች ጊዜ ድምፅዋን ለውጣ ትጮኻለች፤ ጫጩቶቹም ወደ ክንፏ ሥር ይሮጣሉ። ለገበሬው ዓይን ጭልፊቱና ዶሮዋ ነጣቂና ተነጣቂ ናቸው። አጥንት የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ሁለቱም ከአንድ የጥንት ነጣቂ ወገን የተወለዱ ዘመዳሞች ናቸው ይላሉ፤ ያም ወገን ዳይኖሰር ከሚባሉት እንስሳት አንዱ ክፍል ነው። እንግዲያስ አፈር የምትጭረው ዶሮ፥ ለራስዋ ባይታወቃትም፥ የአውሬ ልጅ ናት ማለት ነው።

ዳይኖሰር የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው፤ ያወጣውም በ1842 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ዳይኖሰር ሲባል ተራራ የሚያህል ፍጥረት ብቻ ይታሰባልና። ነገር ግን ከመካከላቸው ከዶሮ እምብዛም የማይበልጡ፥ በሁለት እግር የሚሮጡ፥ ትንንሽ ሥጋ በሎች ነበሩ። ስለ ወፎች ዘር የሚነገረውም ነገር የእነዚህ የትንንሾቹ ነገር ነው።

የዶሮን እግር አንሥቶ የተመለከተ ሰው፥ ላባው ካለቀበት ጀምሮ እንደ እንሽላሊት ቆዳ የተደራረበ ቅርፊት ያያል። ሦስት ጣት ወደ ፊት፥ አንድ ወደ ኋላ፥ በየጫፉም ጥፍር አለ። ለበዓል ዶሮ የምትበልት ሴት ደግሞ ከደረቷ በላይ፥ በአንገቷ ሥር፥ እንደ ባላ ለሁለት የተሰነጠቀች ቀጭን አጥንት እንዳለች ታውቃለች። ይህች አጥንት ሥጋ የላትም፤ በገበታ ላይም የሚመኛት የለም። ነገር ግን በእርስዋ ምክንያት ሊቃውንት ከአርባ ዓመት በላይ ተሳስተዋል። ታሪኩም ሊነገር ይገባዋል።

በ1861 በጀርመን አገር በባቫርያ፥ ከኖራ ድንጋይ መካከል፥ አርኬዮፕቴሪክስ የተባለው ፍጥረት ተገኘ። እንደ ወፍ ክንፍና ላባ ነበረው፤ ነገር ግን በአፉ ጥርስ፥ በኋላውም ከአጥንት የተሠራ ረጅም ጅራት ነበረው። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ቶማስ ሃክስሊ የተባለው እንግሊዛዊ ይህን አይቶ፥ ወፎች ለትንንሾቹ ዳይኖሰሮች የቅርብ ዘመድ ናቸው አለ። ከዚያ በኋላ ገርሃርድ ሃይልማን የተባለ የዴንማርክ ሰው፥ ሙያው ሥዕል የነበረ፥ ስለ ወፎች አመጣጥ በ1926 በእንግሊዝኛ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ሃይልማን የወፎችንና የትንንሾቹን ሥጋ በሎች አጥንት አንድ በአንድ አስተያየ፤ እግራቸው፥ እጃቸው፥ ዳሌያቸው እንደሚመሳሰል አየ። ዳሩ ግን ከባላይቱ አጥንት ሲደርስ ቆመ። የዶሮዋ ባላ የምትገኘው ከሁለት የትከሻ አጥንቶች መጋጠም ነው፤ እርሱ በሚያውቃቸው ዳይኖሰሮች ግን እነዚህ የትከሻ አጥንቶች አልተገኙም ነበር። አንድ ጊዜ የጠፋ አጥንት ተመልሶ አይወለድም ብሎ ያምን ነበርና፥ መመሳሰሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቢገፋውም፥ ወፎች የመጡት ከዳይኖሰር ሳይሆን ከዚያ ከሚቀድም ወገን ነው ብሎ ፈረደ። የጐደለውን አጥንት በሥዕሉ ላይ መጨመር ለእርሱ ቀላል ነበር፤ ሠዓሊ ነውና። አልጨመረም።

የሚያሳዝነው ግን መጽሐፉ ከመውጣቱ ከ2 ዓመት በፊት ከሞንጎልያ በወጣ አንድ ዳይኖሰር ላይ ያች አጥንት ተገኝታ ነበር፤ ሌላ አጥንት ተብላ ስለ ተጻፈች ማንም አላስተዋላትም። በኋላ ዘመን በብዙዎች ላይ ተገኘች፤ ቬሎሲራፕተር በተባለው ነጣቂ ላይም አለች። ስለዚህ ሃይልማን የተሳሳተ ፍርድ ፈረደ፤ ነገር ግን ሐሰተኛ ምስክር አልነበረም። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ፊት ያስፈልጋልና።

በ1964 ጆን ኦስትሮም የተባለው አሜሪካዊ በሞንታና ዳይኖኒከስ የተባለውን ነጣቂ አገኘ፤ በእግሩ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ትልቅ ጥፍር ነበረው። እጁን ከአርኬዮፕቴሪክስ እጅ ጋር ባስተያየው ጊዜ የሃክስሊ ነገር እንደ ገና ሕይወት አገኘ። ላባው ግን አልታየም ነበር። በ1996 በቻይና በሊያኦኒንግ ክፍለ ሀገር ሲኖሳውሮፕቴሪክስ የተባለው ተገኘ፤ ትንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰር ሆኖ ሳለ ከራሱ እስከ ጅራቱ የጫጩት ለምለም ላባ በሚመስል ጠጕር የተሸፈነ ነበር። ሰውነቱም ክንፍ ያልነበረው ስለ ሆነ፥ ላባ መጀመሪያ የተሰጠው ለመብረር ሳይሆን ምናልባት ለሙቀት ወይም ለመታያ እንደ ነበረ አስገነዘበ። የሊያኦኒንግ ድንጋይ ላባን ያህል ቀጭን ነገር ጠብቆ ያቆየው በጥንት የእሳተ ገሞራ ደቃቅ አመድ በሐይቅ ውስጥ እየረጋ፥ የሞተውን ሁሉ እንደ ጨርቅ ስለ ገነዘው ነው። በ2010 ሊቃውንት በላባው ውስጥ የቀሩትን የቀለም ቅንጣቶች በማጉያ መሣሪያ መርምረው፥ የሲኖሳውሮፕቴሪክስ ጅራት ቀይ ዳማና ነጭ የሆነ ቀለበት ቀለበት እንደ ነበረው እስከ ማወቅ ደረሱ።

እንዲህ ያለ ገናዥ ደለል በሸዋም አለ። ከይፋት በላይ፥ በደብረ ብርሃን አጠገብ፥ በሙሽ ሸለቆ፥ የጥንት ሐይቅ ደለል ከ21 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነውን የዛፍ ቅጠል ከነሥሩ ሥር መስመሩ አቆይቶ ይታያል። ነገር ግን ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ስለ ሆነ፥ በዚያ ደለል ውስጥ እነርሱን የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። የይፋት ተራራና ገደልም በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የዳይኖሰሮቹ ዘመን ድንጋይ ካለም ከእርሱ በታች ተቀብሯል። የተገለጠው ከተራራው ማዶ ነው። በጣርማ በር ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው በሮቢና በጀውሃ አድርጎ ወደ አዋሽ፥ ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጀማም ሸለቆውን እጅግ አጥልቆ ስለ ቈረጠ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለውን ጥንታዊ ንብርብር ገልጦታል።

በዚያ ሸለቆ ከአሜሪካ የመጡ ተመራማሪዎች የዓሣ፥ የኤሊ፥ የአዞና የዳይኖሰር ቅሪት ለቅመው፥ ያገኙትን በ1999 ጻፉ። ከዳይኖሰሮቹ ወገን የሥጋ በሎች ጥርስ አለ፤ የእነዚህ ጥርስ ወደ ኋላ የጎበጠ፥ ጠርዙም እንደ መጋዝ የተተረተረ ነው። የጭቃው ድንጋይ ዘመን ከባቫርያው አርኬዮፕቴሪክስ ዘመን ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በአውሮጳ ጥርስ ያለው ወፍ ሲበር፥ በሸዋ ምድር ሥጋ በሎች ያድኑ ነበር። ላባ ለብሰው ነበርን? ጥርስ ስለ ላባ አይመሰክርም። የጻፉትም ሰዎች ጥርስ ከሚለው አላለፉም። በ2007 ከዚያው ሸለቆ ስለ ተገኘ የአንድ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ በተጻፈ ጊዜም፥ ወገኑ ፈጽሞ ስላልተለየ፥ በጽሑፉ ርእስ ላይ ከወገኑ ስም ፊት የጥያቄ ምልክት አኖሩ። በኢትዮጵያ የዚያ ዘመን አጥቢ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ለመጀመሪያ ነገር ደግሞ ሙሉ ስም መስጠት ደስ ያሰኛል። የጥያቄ ምልክት በርእስ ላይ ማኖር ጌጥ አይደለም፤ የሚያስከብርም አይመስልም።

አሁን ወደ ሊያኦኒንግ መመለስ ይገባል። የሲኖሳውሮፕቴሪክስ ወሬ ከተሰማ ወዲህ በዚያ አገር ለድንጋይ ዋጋ ወጣለት፤ ገበሬውም ከእርሻው ይልቅ ከቁፋሮው የሚያገኘው በለጠ። በ1997 አንድ ገበሬ ድንጋይ ሲፈልጥ ጥርስ ያለው የጥንት ወፍ አካል አገኘ፤ ሲያወጣው ግን ተሰባበረበት። በአጠገቡ ላባ ያለው ጅራትና እግር አገኘና ሁሉንም በሙጫ አጋጠመው። ሙሉ የሆነ ከተሰባበረ ይልቅ እንደሚሸጥ ያውቅ ነበር። የቻይና ሕግ ቢከለክልም ድንጋዩ በነጋዴ እጅ ባሕር ተሻገረ፤ በ1999 መጀመሪያ በአሜሪካ በቱሳን ከተማ የማዕድን ገበያ በ80,000 ዶላር ተሸጠ። የገዙት ሰዎች የትንሽ ቤተ መዘክር ባለቤቶች ነበሩ፤ ባዩትም ነገር ልባቸው ተማረከ። የወፍ ደረትና ክንፍ፥ የነጣቂ ዳይኖሰር ጅራት፥ በአንድ አካል! ከሃክስሊ ጀምሮ የተፈለገችው የዘር ሐረግ መጋጠሚያ ተገኘች ተባለ፤ አርኬዮራፕተርም ተብላ ተሰየመች።

አስጠንቃቂ አልጠፋም። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ቲሞቲ ሮው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲቲ ስካን በሚባል የራጅ መሣሪያ ድንጋዩን መርምሮ፥ ቍርጥራጮቹ በትክክል እንደማይገጥሙ አየ፤ ለባለቤቶቹም ነገራቸው። የታወቁ ሁለት የሳይንስ መጽሔቶች ጽሑፉን አንቀበልም አሉ። ናሽናል ጂኦግራፊክ ግን በኖቬምበር እትሙ ለዓለም አወጀው። በዲሴምበር ሹ ሺንግ የተባለው ቻይናዊ ሊቅ በአገሩ ሌላ ድንጋይ አገኘ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲፈለጥ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ግራና ቀኝ ገጽ ይኖረዋል፤ ይህም የዚያው ጅራት ሁለተኛ ገጽ ነበር። ጅራቱ ግን የተያያዘው ከወፍ ደረት ጋር ሳይሆን ከራሱ ከነጣቂው አካል ጋር ነው። ሹ ሺንግ ለአሜሪካኖቹ ወዲያው ጻፈላቸው። በ2000 ድንጋዩ ወደ ቻይና ተመለሰ፤ መጽሔቱም ነገሩ እንዴት እንደ ተበላሸ በዚያው ዓመት ራሱ መርምሮ አሳተመ። በ2001 ሮውና ጓደኞቹ ድንጋዩ ከ88 ቍራጭ፥ ከሁለት እስከ አምስት ከሚሆኑ እንስሳት፥ የተገጣጠመ መሆኑን ገለጡ።

ኃጢአቱ የማን ነው? መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው በገበሬው ላይ ነው። ነገር ግን የገበሬውን ነገር በሚዛን ማየት ይገባል። በሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾውን ከአሸዋ ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፥ አሸዋ ማሾ አለመሆኑን እያወቀ ነው። የሊያኦኒንጉ ገበሬ ግን የሸጠው ሁሉ አጥንት ነው፤ ከጭቃ የቀረጸው አልነበረም። የወፉ ደረት እውነተኛ የወፍ ደረት፥ ጅራቱም እውነተኛ የነጣቂ ጅራት ነበር። ስለ ወፎች ዘር የሚከራከሩትን ሊቃውንት አላወቃቸውም፤ ለአንዱም ሊመሰክር አላሰበም። ዋጋ ፈለገ። ይህ በደል ነው፤ ግን የድኻ በደል ነው። ከእርሱ በላይ የሚጠየቁ አሉ። ሮው የነገራቸው፥ መጽሔቶቹ የመለሱባቸው፥ እየሰሙ ያልሰሙት ሰዎች በገንዘብ ብቻ አልተታለሉም፤ በገዛ ምኞታቸው ተታለሉ። ነገሩ እውነት እንደ ሆነ አስቀድመው አውቀው ነበርና፥ ምስክሩን መመርመር እንደ ጥርጥር መሰላቸው።

አስቸጋሪውም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ያመኑት ነገር በእርግጥ እውነት ነበር። ወፎች ከትንንሽ ላባ ለባሽ ሥጋ በሎች ወገን መሆናቸው በአርኬዮራፕተር መውደቅ አልወደቀም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ጸና። በ2007 በቬሎሲራፕተር ክንድ አጥንት ላይ ትልልቅ ላባ የሚተከልባቸው እብጠቶች ተገኙ፤ በዶሮና በጭልፊት ክንድ ላይ ያሉት ዓይነት ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ሙጫው ምን ጎዳ፥ ሕዝቡ የተማረው ትክክለኛውን ነገር አይደለምን ቢል፥ ምን ይመለስለታል?

የመጀመሪያው መልስ፥ ሐሰቱ ረዳሁት ያለውን እውነት ራሱን ዋጠው የሚል ነው። ጅራቱ የማን እንደ ነበረ ሹ ሺንግ በ2000 ሲገልጥ፥ እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀ ትንሽ ነጣቂ ሆነ፤ ማይክሮራፕተር ተባለ። ከነጅራቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ነው። ደረቱም በ2002 ያኖርኒስ የተባለ የጥንት ወፍ ደረት መሆኑ ታወቀ። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለ ወፎች ዘር ብዙ የሚናገሩ ነበሩ። በሙጫ አንድ በሆኑ ጊዜ ግን ሁለቱም ዝም አሉ፤ በእነርሱ ፋንታ ያልኖረ ፍጥረት ተናገረ። አንድ እውነት ሊደግፍ የመጣ ሐሰት ሁለት እውነት ቀበረ።

ሁለተኛው መልስ ከአጥንት ይልቅ በሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ከይፋት በላይ ባለው በመንዝ ደጋ፥ የመሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስከ ወጣ ድረስ፥ ርስት የሚጠየቀው አባት በመቍጠር ነበር። ባለ ጉዳዩ ራሱን ከመጀመሪያው አቅኚ ጋር የሚያገናኘውን ሐረግ በዳኛ ፊት ይቈጥራል፤ ሽማግሌ ምስክርም ያቆማል። በእንዲህ ያለ ሙግት ሐሰት ሁሉ ከሌለ ሰው ስም አይፈጠርም። የእገሌ አባት እውነተኛ ሰው ነበር፤ የእገሌም ልጅ እውነተኛ ሰው ነበር፤ ሐሰቱ ያለው በሁለቱ መካከል በተነገረችው «ወለደ» በምትባል አንዲት ቃል ነው። ስሞቹ ሁሉ እውነት፥ መጋጠማቸው ሐሰት። ባለ ጉዳዩም በእርግጥ የርስቱ ወራሽ ሊሆን ይችላል፤ አያቱ ነግሮት ከልቡ ያምናል፤ የጐደለችው የአንድ አባት ስም ብቻ ናት። ያችን ከሌላ ቤት አምጥቶ ቢሞላ ርስቱ ይገባዋልና በደል የለበትም የሚል አለ። ዳሩ ግን ስሙ የተወሰደበት ቤት አለ። ያ ቤት ነገ የራሱን አባት ሊቈጥር ሲነሣ አባቱን በሌላ ሰው ሐረግ ውስጥ ተጋጥሞ ያገኘዋል። ከሁሉ የሚከብረው ምስክር እስከሚያውቀው ቈጥሮ፥ ከዚህ በላይ ያለውን አባቴ አልነገረኝም ብሎ የሚያቆም ሽማግሌ ነበር። እንዲህ ያለው ምስክር ብዙ ጊዜ ባለ ጉዳዩን ያሳዝነዋል፤ ሙግቱንም ያስረታው ይሆናል። ሃይልማን እንዲህ ያለ ሽማግሌ ነበር። ተሳስቷል፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው ሰው የጐደለው ምን እንደ ሆነ፥ የትስ ላይ መፈለግ እንዳለበት፥ ከመጽሐፉ ማወቅ ይችል ነበር። ሙጫ ያለበት ስፍራ ግን ጐደሎ ስለማይመስል ማንም አይፈልግበትም።

ስለ ዘር ቈጠራ ከተነሣ አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ አርኬዮራፕተርን ያስወደደው ምኞት ራሱ ጥቂት የተጣመመ ነበርና። ሰው ሐረግ ሲፈልግ ሁልጊዜ አያትን ይፈልጋል። ከድንጋይ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ነው። ማይክሮራፕተር ከአርኬዮፕቴሪክስ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይቶ የኖረ ስለ ሆነ የወፎች እናት ሊሆን አይችልም፤ ወፎች ከእርሱ በፊት ተወልደው ነበር። ዶሮዋና ማይክሮራፕተር የሚገናኙት ከሁለቱም በላይ ባለ፥ በአጥንቱ ገና በማይታወቅ አንድ አባት ነው። ያ አባት ያለበት ስፍራ በሐረጉ ላይ ባዶ ነው፤ ባዶ ሆኖም ይቀመጣል።

ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ ደግሞ ከሁለት ወገን ሌላ ሙጫ መጣ። አንደኛው ወገን፥ አንድ አጥንት ሐሰት ሆኖ ስለ ተገኘ የወፍና የዳይኖሰር ነገር ሁሉ ሐሰት ነው አለ፤ ይህንም ለሃይማኖት የሚረዳ መስሎት ተናገረ። ነገር ግን ሐሰቱን ያወጡት እነዚያው ያንኑ ነገር የሚያስተምሩ ሊቃውንት መሆናቸውን አልተናገረም፤ ግማሹን እውነት ከግማሹ ለይቶ ማስቀረት ምን ዓይነት ምስክርነት እንደ ሆነ ኢዮብ ያውቀው ነበር። ሁለተኛው ወገን የዋህ ነው። በአክሲማሮስ ትምህርት በዕለተ ሐሙስ በልባቸው የሚሳቡ፥ በእግራቸው የሚሽከረከሩና በክንፋቸው የሚበሩ አብረው ከውሃ እንደ ተገኙ ይታወቃል፤ ስለዚህ የሚሳበውና የሚበረው ዘመድ መሆኑን አባቶች አስቀድመው ነግረውናል ብሎ ይደሰታል። መደሰቱ አይከፋም። ነገር ግን የሐሙስ ትምህርት የተነገረው ስለ ፈጣሪ ነው እንጂ ስለ ክንድ አጥንት እብጠት አይደለም። እርሱን ከሊያኦኒንግ ድንጋይ ጋር ማጋጠም ደረትን ከባዕድ ጅራት ጋር እንደ ማጋጠም ያለ ነው፤ ነገ አጥንቱ ሌላ ነገር ቢናገር ትምህርቱ አብሮ ሊሰነጠቅ ነው። ሁለቱም እውነት ሆነው በየስፍራቸው መቀመጥ ይችላሉ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌ በይፋትም በደጋውም ይነገራል። የአርኬዮራፕተር ነገር ለዚህ ምሳሌ ጥሩ ምስክር ይመስላል፤ ዓመት ሳይሞላ ጠርቷልና። ነገር ግን ንጋት ማንም ባይነሣ ይመጣል፤ እውነት ግን እንዲህ አይደለም። ሹ ሺንግ ያን ሁለተኛ ገጽ ባያገኝ፥ አግኝቶም የተደሰተበትን ነገር እንዲያፈርስ ግድ ባይለው፥ ድንጋዩ ዛሬም በመስተዋት ውስጥ ተከብሮ በቆየ ነበር። እርሱ ራሱ ከወዳጆቹ ጋር ስለዚሁ ፍጥረት ይሠራ ስለ ነበር፥ መልእክቱን መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም።

የይፋት ወንዞች ክረምት በመጣ ቍጥር ገደሉን እየናዱ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽም ወደ ታች ሲሄድ በአፋር ምድር በ1974 ድንቅነሽ የተገኘችበትን ሐዳርን ያልፋል። አንድ ቀን በይፋት ጐርፍ ካለፈ በኋላ ከብት ጠባቂ ልጅ፥ ወይም ጉድጓድ የሚቈፍር ገበሬ፥ ወደ ድንጋይ የተለወጠ አጥንት ቢያገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ የዳይኖሰር ባይሆን የሌላ የጥንት እንስሳ ሊሆን ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ዓ.ም. በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን የሊያኦኒንግ ገበሬም ሕግ ነበረው። ሕጉ ሳለ ሙጫውን ያነሣው ሙሉው ከተሰባበረው ስለሚበልጥ ነው፤ ይህንንም ዋጋ ያቆመው እርሱ አይደለም፤ ከሩቅ ሆነው ሙሉ ነገር ብቻ የሚመኙት ናቸው። ለልጁ ገና ከአሁኑ በትምህርት ቤት ሊነገረው የሚገባ ነገር ቢኖር፥ የተሰበረውን እንደ ተሰበረ፥ ከወደቀበት ስፍራ ሳያነሣ ቢያሳይ ለሊቁ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ነው።

ከ2000 ወዲህ የማይክሮራፕተር ቅሪት በብዙ ተገኝቷል፤ የሚነግሩትም ከሙጫው ምኞት ሁሉ የሚያልፍ ሆነ። በ2003 በእጁ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ረጃጅም ላባ እንደ ነበረው፥ አራት ክንፍ ያለው ያህል እንደ ነበር ታወቀ። በ2012 ላባው ጥቁር ሆኖ በብርሃን የሚያብረቀርቅ እንደ ነበር ተጻፈ። ምን ይበላ እንደ ነበርም ከሆዱ ተገኘ፤ በ2011 የወፍ አጥንት፥ በ2013 የዓሣ፥ በ2019 ያልተፈጨ ሙሉ እንሽላሊት፥ በ2022 የአንድ ትንሽ አጥቢ እንስሳ እግር። ወፉን የበላው ማይክሮራፕተር እንደ ይፋቱ ጭልፊት የገዛ ዘመዱን ነጥቆ ነበር።